ሽታ የሌለው ከርከር

ሐመርፈስት፣ ሰሜን ኖርዌይ
ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ ለበላይነሽ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እማዬስ እንዴት ናት? ጦርነቱንም በሽታውንም ከደጃችሁ ያርቅልኝ እያልኩ ነው የምውለው። እኔ ከናንተ ናፍቆትና ከዚህ አገር ብርድ በቀር ደህና ነኝ።

ከመስከረም ወዲህ ብደውል ብደውል ስልካችሁ አልነሣ አለ። በመጨረሻ ባለሱቋን ኑሪያን በመልእክት አገኘኋት። በሱቋ ያለው የሳተላይት ኢንተርኔት ድምፅ እንደማይሸከም፣ ጽሑፍና ፎቶ ግን እንደሚያሳልፍ ነገረችኝ። አንቺ በወረቀት ጽፈሽ ብትሰጫት በፎቶ አንስታ ትልክልኛለች፣ የኔንም ከስልኳ ላይ ታነቢያለሽ። ድምፃችሁን ባልሰማም ከምንም ይሻላል ብዬ ጀመርኩ።

አሁን አትሳቂብኝ፤ የምጽፍልሽ ስለ ፀጉሬ ነው። ይረግፋል ብልሽ አይገባሽም፣ የሚሰበር ነው። ዓሣ ከምናጸዳበት ፋብሪካ ፀጉሬ እንደረጠበ ከወጣሁ አውቶቡሱ ጋ ሳልደርስ በረዶ ይሆናል። ባለፈው ሳምንት ከጆሮዬ ኋላ ያለውን ጉንጉን ብነካው ቀጭ ብሎ በእጄ ቀረ። ቤት ስገባ ደግሞ ማሞቂያው የቀረውን እርጥበት ይመጠዋል። እዚህ ከተማ የኛን ዓይነት ፀጉር የሚያውቅ ሰው የለም። አንዲት ፀጉር ሠሪ ዘንድ ሄጄ ነበር፤ የማበጠሪያዋ ጥርስ ከተሰበረ በኋላ ይቅርታ ጠይቃ፣ ሻይ ጋብዛ ሸኘችኝ። ጫፉን በበጋው የመዳብ ቀለም ማስቀባቴን ላንቺ ብቻ ነው የምናገረው። ለእማዬ እንዳትነግሪያት፣ ትቆጣለች።

እማዬ በወገራ ውርጭ ያደገች ናትና ይህን የምታውቀው እሷ ናት። አንቺ ግን ገና ጨቅላ ሳለሽ ታዝለሽ ወደ መተማ ቆላ የወረድሽ ስለሆንሽ ብርድ አታውቂም፣ አትቀየሚኝ። ምን እንደማደርግ ጠይቂልኝ።

ሌላው ዋናው ነገር ነው። እማዬን ወደዚህ ለማምጣት የጀመርኩት ጉዳይ ተንቀሳቅሷል። ቢሮው በቅርብ የተነሣችው፣ ፊቷ በደንብ የሚታይበት ፎቶ ይፈልጋል። ኑሪያ ዘንድ ወስደሽ አስነሺልኝ። ይህን ክረምት ብቻዬን አልፈዋለሁ፤ የሚመጣውን ግን ያለ እሷ የምችለው አይመስለኝም።

ልጅሽ ትሁት


ገዳሪፍ፣ ሱዳን፣ ኅዳር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለትሁት፣

ከኛ ሰማይ እስከናንተ ሰማይ ያለው መንገድ የቱን ያህል እንደሆነ እንጃ፣ ሰላምታዬ ግን ያን ሁሉ ተጉዞ ከደጅሽ ይድረስ። እኔ፣ ስሙ ይመስገን፣ አለሁ።

ደብዳቤሽን ኑሪያ ሱቅ በር ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። የሴትዮዋ ማበጠሪያ የተሰበረበት ጋ ስደርስ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ገበያተኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከሳቅኩ ቆይቼ ነበር፣ እግዜር ይስጥሽ።

እናትሽ እንዲህ ትላለች። የብርድ አገር ፀጉር የሚሞተው በድርቀት ነው። ሰሊጥ አይተሽ የለ? አጨዳው የዘገየ እንደሆነ አገዳው ደርቆ ገና ሳይነኩት ይፈነዳል። ፀጉርም እንደዚያው ነውና መጀመሪያ ውኃ አጠጪው። ዘይት ውኃን አይተካም፣ ውኃው እንዳይወጣ የሚዘጋ ክዳን ነው። እርጥብ ሳለ በጣትሽ ፍቺው፤ ከጫፉ ጀምረሽ ወደ ሥሩ ሂጂ። ከዚያ ተቀቢና ላላ አድርገሽ ጎንጉኚው፣ ሳይደርቅም ከደጅ አትውጪ። በፎቶ ያየነው የሱፍ ቆብሽ ደግሞ ፀጉርሽን እየጋጠው ነው። ከሥሩ የሚያንሸራትት ሻሽ እሰሪ፣ ስትተኚም አትፍቺው። ጫፉን ወደ ውስጥ አጥፈሽ ደብቂው፤ መጀመሪያ የሚሰበረው ጫፍ ነው ትል ነበር።

የሹሩባሽን ክርም በመቀስ አትቁረጪ። የእናትሽን ዓመል ታውቂዋለሽ። ሹሩባ ስትፈታ ክሩን ቀስ ብላ ትመዘውና በዚያ የሰሊጥ አጨዳ ባወፈረው ጣቷ ላይ ጠምጥማ፣ እንደ ቀለበት አውልቃ ከትራስሽ ሥር ታኖረዋለች። እኔ ደግሞ ክር ተወደደ እንዴ እያልኩ እቀልድባታለሁ።

የፎቶውን ነገር አልረሳሁትም። እናትሽ ለአጨዳ ሠራተኞች ልታበስል ወደ ወድ ኤል ሒለው ወጥታለች፣ ስትመለስ ይሆናል። ገንዘብም እንዳትልኪ፣ እኛ ምንም አላጣንም። አንድ ነገር ብቻ ጻፊልኝ። እዚያ አገር ፀሐይ በስንት ሰዓት ትወጣለች? ፀጉር የሚታጠበው ፀሐይ ስትወጣ ነውና ለእሱ ነው የምጠይቅሽ።

አክስትሽ በላይነሽ


ሐመርፈስት፣ ኅዳር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ፣

ሰላምታሽ ደርሶኛል፣ መንገዱ ግን ረጅም ነው መሰለኝ ቀዝቅዞ ነው የደረሰው። የኔ ሞቅ ብሎ ይድረስሽ።

ፀሐይ በስንት ሰዓት ትወጣለች ላልሽኝ፣ አትወጣም። እየቀለድኩ አይደለም። ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ ከተራራው ሥር ገብታ ቀርታለች፤ የምትመለሰው ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው። ቀትር ላይ ሰማዩ ትንሽ ሰማያዊ ይሆናል፣ ሰውም በየመስኮቱ ብቅ ብሎ ያያል፣ ከዚያ መልሶ ይጨልማል። ስለዚህ ፀጉሬን ስታጠብ መብራት አብርቼ ነው። ምክራችሁ ሠርቷል። ሻሹን ከቆቡ ሥር ማሰር ከጀመርኩ ወዲህ መሰበሩ ቀንሷል።

አክስቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። "እናትሽ እንዲህ ትላለች" ብለሽ ጀምረሽ "ትል ነበር" ብለሽ ጨረስሽ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ቃሉ እዚያው እንደተጻፈ ተቀምጧል። ደግሞ ወድ ኤል ሒለው ከሄደች ስለ ፀጉሬ መቼ ጠየቅሻት? አጨዳውስ እስካሁን አላለቀም ወይ? እዚያም ስልክ ያለው ሰው አይጠፋምና አንድ ፎቶ ያንሡልኝ።

የረገፈውን ፀጉር የምሸጉጥበት አጣሁ። የዚህ አገር ግድግዳ ስንጥቅ የለውም። ወፍ ወስዳ ጎጆ እንዳትሠራበት እያልኩ በትንሽ ከረጢት አድርጌ መስኮቱ ላይ አኑሬዋለሁ። አብራኝ የምትሠራዋ ኖርዌጂያዊት አይታ ምን እንደሆነ ብትጠይቀኝ ሻይ ቅጠል ነው አልኳት።

ፎቶውን እጠብቃለሁ።

ልጅሽ ትሁት


ገዳሪፍ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለትሁት፣

ጨለማውን በሰላም ያሻግርሽ። የምለው ሌላ ምርቃት የለኝም፣ ይኸው ይበቃል።

ፀሐይ አትወጣም ያልሽው ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ለጎረቤቱ ሁሉ አወራሁ። አንዱ ውሸቷን ነው አለ፣ አንዱ ከምጽዓት በፊት እንዲህ ይሆናል ተብሏል አለ። እኔ የማስበው ሌላ ነው። እኛ ጎህ ሲቀድ የምናደርጋቸው ነገሮች አሉ፤ ጎህ የማይቀድበት አገር ያለ ሰው ምን ያደርጋል? እስከ ጥር መቆየት ነው እንግዲህ።

የያዝሽብኝ ቃል የእጄ ስሕተት ነው። ሳትሄድ ነው የነገረችኝ። እንደ ደብተራ በአንድ ቃል ላይ አትቁሚብኝ።

ከርከር አብስዬ ልኬልሻለሁ። አጥር ብቻ የሚለየንን ሱዳናዊቷን ረሒማን ታስታውሻታለሽ። በፖርት ሱዳን በኩል ልጇ ጋ ኦስሎ ሄዳለች፤ ከዚያ በፖስታ ትልክልሻለች። የበሬ ሞራና የገዳሪፍ የሰሊጥ ዘይት ነው። ለዚያ ብርድ ከዚህ የሚሻል አታገኚም። ሞራው ይረጋና ፀጉሩን እንደ ጋቢ ያለብሰዋል። በእርጥብ ፀጉር ላይ ነው የሚቀባው፣ እንዳትረሺ።

አሁን የምልሽን ስሚ። ትብለጽ የምትባል የትግራይ ልጅ በትግራዩ ጦርነት ጊዜ በሐምዳይት ድንበር ተሰድዳ ስትገባ እናትሽ ያስተናገደቻት፣ ፀጉሯንም የሠራቻት፣ ዛሬ ካንቺ የአራት ሰዓት መንገድ ላይ ትኖራለች። ስልኳን ከእህቷ አግኝቼ አድራሻሽን ሰጥቻታለሁ። ትደውልልሻለችና እሺ በያት። ቋንቋሽን የሚሰማ ሰው ከአጠገብሽ ይኑር። የምለምንሽ ይህን ብቻ ነው።

ፎቶው ትንሽ ይቆያል።

አክስትሽ በላይነሽ


ሐመርፈስት፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ፣

እጅሽን ይባርከው። ከርከሩ ደረሰ። ጠርሙሱ በረሒማ ሻሽ ተጠቅልሎ ነው የመጣው፣ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰም።

ግን ሽታ የለውም። ክዳኑን ስከፍት ገዳሪፍ ትሸተኛለች ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ቅርንፉድ የለ፣ መሐለብ የለ፣ የብርቱካን ልጣጭ የለ፤ ሞራና ዘይት ብቻ። እማዬ ከርከር ስታበስል ሽታው መንገድ ተሻግሮ የሪክሻ ነጂዎችን ያስቆም ነበር። ቅርንፉዱን ለምን ተውሽው?

ቢሆንም ተቀባሁት። ከዚያ የሆነውን ልንገርሽ፣ ለሰው የሚነገር ስላልሆነ ላንቺ ይሁን። ከሥራ ተመልሼ ታጠብኩ፣ ተቀባሁ፣ ፀጉሬን ለሁለት ጎንጉኜ ከቀትር በኋላ ጋደም አልኩ። ስነቃ ቤቱ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል። ጠርሙሱን ከፍቼ አሸተትኩ፣ የለም። ጉንጉኔን ወደ አፍንጫዬ ሳመጣው ሽታው እሱ ላይ ነው። ከግራ ጆሮዬ ኋላ ደግሞ ያልሠራሁት ነገር አገኘሁ። ከጉንጉኑ ወጥቶ በቀጭኑ የተሠራ አንድ ሹሩባ ነው፣ በክር ታስሯል። እዚያ በኩል እጄ እንደማይደርስ ታውቂያለሽ፤ ልጅ ሆኜም ያን የሚሠራልኝ ሰው ነበር። እንቅልፍ ላይ ሆኜ ሠርቼው ይሆናል ብዬ ተውኩት። በማግሥቱ ግን ሁለት ሆኑ።

በመጨረሻው ደብዳቤሽ እንዳልሽኝ በረዶ በድስት አምጥቼ ከማሞቂያው አጠገብ ማኖር ጀምሬአለሁ። ቀልጦ ይተንና የቤቱ አየር ይረጥባል። ከምክራችሁ ሁሉ የበለጠው ይህ ነው። ፀጉሬ መሰበሩን ጨርሶ ተወ።

መስኮቱ ላይ ያኖርኩት ከረጢት ባዶ ሆኖ አገኘሁት። የረገፈውን ፀጉር ሳላስበው ጥዬው ይሆናል።

ትብለጽ ደውላልኝ ነበር። ድምፅዋ ጥሩ ነው፣ ግን ስለ እማዬ ሳነሣ ወሬ ትለውጣለች። እማዬ ከወድ ኤል ሒለው ተመለሰች ወይ?

ልጅሽ ትሁት


ገዳሪፍ፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለትሁት፣

እንኳን ለገና ዋዜማ አደረሰሽ። የጌታ መወለድ ካለሽበት ቤት ክፉውን ሁሉ ያስወጣ።

ስለ በረዶ፣ ስለ ድስት እኔ አልጻፍኩልሽም። በረዶን የት አውቀዋለሁ? ካነበብኩት በኋላ ተጠራጥሬ ኑሪያን የላከችውን ፎቶ ከስልኳ አውጥታ እንድታሳየኝ ለመንኳት። ከላይ እስከ ታች አየነው፣ የለም። ወገራ ሳሉ እናታችን በውርጭ ጊዜ ለልጆቹ ፀጉር ብላ ከእሳቱ ዳር ውኃ በገንቦ ታስቀምጥ እንደነበር ከእናትሽ ሰምቻለሁ። ላንቺ ግን ነግሬሽ አላውቅም። ማን ነገረሽ?

ይህን ልጻፈው አልጻፈው ስል ሰነበትኩ። የእናትሽን የቀንድ ሚዶ በሳጥን ቆልፌበት ነበር፤ ለምን እንደቆለፍኩበት አትጠይቂኝ። እሑድ ዕለት ነጠላ ላወጣ ስከፍት ሚዶው እርጥብ ነው። ገዳሪፍን ታውቂያታለሽ፣ ጥላ ሥር ተቀምጠሽ የሚያልብሽ አገር ነው። ሚዶው ግን ሳነሣው ጣቴን አቃጠለኝ። ብርድ እንደሚያቃጥል ያን ቀን ነው ያወቅኩት። በጥርሱ መካከል ፀጉር ተጠቅልሎበታል። ወደ ብርሃን አውጥቼ አየሁት፤ ጫፉ መዳብ ነው።

ጫፉን መቀባትሽን ለማንም አልተነፈስኩም።

ቅርንፉዱ ከገበያ ጠፍቶ ነው የተውኩት። ትብለጽን ጥሪያት፣ ከቻለች ካንቺ ጋር ትደር። ብቻሽን ስትሆኚ መብራት አታጥፊ። ፀሐይ እስክትመለስ ድረስ ደግሞ አደራሽን ፀጉርሽን እንዳትፈቺ። በሥርዓት የሚደረግ ነገር አለ፣ በጊዜው ይደረጋል።

አክስትሽ በላይነሽ


ሐመርፈስት፣ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

አክስቴ፣

ፎቶውን አትላኪ፣ አሁን አያስፈልገኝም። እማዬ እዚህ ናት።

እንዳትፈሪ፣ እኔ አልፈራሁም። ዞሬ ላያት አልችልም፤ ልዞር ስል ራሴን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ፊት ታቀናዋለች፣ ልጅ ሳለሁ ስቁነጠነጥ እንደምታደርገው። እጇ ብቻ በጣም ይበርዳል። ማሞቂያውን ከፍ አደርግላታለሁ፣ ለውጥ የለውም። ራሴን ሙሉ ሠርታ ልትጨርስ ነው። በመስታወት ሳየው ከመንገድ እስከ መንገድ አንድም አይዛነፍም፣ የሷ እጅ ነው።

ስወጣ አትመጣም። ስለዚህ አልወጣም። ፋብሪካው ሁለቴ ደውሎ ነበር፣ አላነሣሁትም። ምግብም ብዙ አያምረኝም። ከቢሮው ስለ ፎቶው የማስታወሻ ደብዳቤ መጣ፤ መጥታለች ብዬ ልጽፍላቸው አሰብኩና ሳቄ መጣ።

ትብለጽ ከጥምቀት በኋላ ፀሐይ በምትመለስበት ቀን እመጣለሁ ብላለች። ለምን ያን ቀን እንደመረጠች ስጠይቃት ስለ መንገዱ ማውራት ጀመረች። እሷ ስትመጣ እማዬ እንዳትሸሽብኝ ፈርቻለሁ። አትምጪ ልበላት ይሆን?

ትሁት


ገዳሪፍ፣ ጥር 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣

ትብለጽን አትምጪ እንዳትያት። በእናትሽ ጡት ይዤሻለሁ። በር ስትመታ ክፈቺላት። እስከዚያ ደግሞ ብዪ፣ ወደ ሥራሽ ሂጂ፣ ከቤት ውጪ። ፀጉር እንደሆነ ሁልጊዜ ይሠራል፤ አንቺ ግን ከዚያ ወንበር ላይ ካልተነሣሽ የሚያነሣሽ የለም።

አንድ ነገር ዋሽቼሻለሁ። የኑሪያ ኢንተርኔት ድምፅ ይሸከማል። አይሸከምም በይልኝ ብዬ የለመንኳት እኔ ነኝ። ድምፄን ብትሰሚ ኖሮ አንድ ቃል ሳልጨርስ ታውቂኝ ነበር። በወረቀት ላይ ግን ሰው ፊቱን መደበቅ ይችላል፣ እኔም ያቅሜን ደበቅኩ። በወረቀት የማይነገር፣ ለብቻው ላለ ሰው የማይነገር፣ ሳይነጋ የማይነገር ነገር አለ። ወግ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ያንቺ አገር ግን አልነጋ አለ።

ከዚህ በታች ያለው ላንቺ አይደለም፣ ግን ጮክ ብለሽ አንብቢው።

እትዬ ጣይቱ፣ ይህች ልጅሽ ትሁት ናት። ማንበብ ስለማትችይ እሷ ታነብልሻለች። የምትይዥው እኔን ከሆነ እዚሁ ገዳሪፍ ነኝ፣ ነይና ያዥኝ። የሚገባሽ ሳይነገርልሽ፣ በልጅሽ ሳይለቀስልሽ ያቆየሁሽ እኔ ነኝ። ፀሐይዋ ትውጣ፣ ሰዎቹ ይድረሱ፣ ሁሉም ይሆንልሻል። እስከዚያ የልጅቷን ፀጉር ሥሪላት እንጂ ወንበር ላይ አታስቀሪያት። ስትጨርሺ ልቀቂያት።

በላይነሽ


ሐመርፈስት፣ ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ ለበላይነሽ፣

እግዚአብሔር ያጥናሽ። እኔንም አጥንቶኛል፣ ይኸው እጽፋለሁ። ብቻሽን አልቅሰሽ፣ ብቻሽን ቀብረሽ፣ ደግሞ ስለ ሻሽና ስለ ዘይት ስትጽፊልኝ መክረምሽን ሳስብ ለማን እንደማለቅስ ግራ ገባኝ።

ደብዳቤሽን እንዳልሽኝ ጮክ ብዬ አነበብኩት። "ስትጨርሺ ልቀቂያት" የሚለው ጋ ስደርስ ራሴን የያዙት እጆች ላላ አሉ። ያን ቀን ገንፎ ሠርቼ በላሁ፣ በማግሥቱም ወደ ሥራ ሄድኩ። ስመለስ መጥታ ነበር፣ ግን አልያዘችኝም። የመጨረሻዋን ሹሩባ በጥምቀት ማግሥት ጨረሰች።

በፀሐይዋ ቀን ትብለጽ ሁለት ኤርትራውያን ሴቶች ይዛ መጣች። ጎህ በዚህ አገር በስንት ሰዓት እንደሚቀድ ከመካከላቸው የሚያውቅ አልነበረም። በጨለማ ደርሰው ከደጄ ፊት መኪናው ውስጥ ተቀምጠው ሰማዩን ሲያዩ ቆዩ። አራት ሰዓት አለፈ፣ አምስት አለፈ። የፀሐይዋ ጠርዝ በተራራው ላይ ብቅ ሲል፣ የትምህርት ቤት ልጆች ከደጅ ሲጮሁ፣ ያኔ ወጥተው በሩን መቱ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር።

ከፈትኩላቸው። ትብለጽ አፏን ልትከፍት ስትል ራሴን አየች። "ማን ነገረሽ?" አለችኝ።

ፀጉሬ ተፈትቶ ነበር። አደራሽን አልበላሁም አክስቴ፣ ስተኛ ሹሩባው ሙሉ ነበር። ስነቃ አንድ ሳይቀር ተፈትቶ ትከሻዬ ላይ ወርዷል፣ እንደ ሐዘንተኛ። አልጎተተኝም፣ አልተሰማኝም። አንዲት ፀጉርም አልተሰበረችም። እነሱ ቢናገሩም የሚነግሩኝ አዲስ ነገር አልነበረም። መርዶዬን እናቴ ራሷ አርድታኝ ሄዳለች።

ከዚያ ተቀመጥንና አለቀስን። ቀኑ ሳያልቅ ፀሐይዋ ተመልሳ ገባች፣ እኛ ግን ቀጠልን። በመስከረም በኮሌራው እንዳረፈች፣ ሁለት ቀን ብቻ እንደታመመች፣ በመጨረሻ ስለ እኔ ብርድ ስትናገር እንደነበር ትብለጽ ነገረችኝ። ሁለቱ ሴቶች አያውቋትም፣ ግን እንደ እህታቸው አለቀሱላት። ለቢሮውም ጉዳዩ ይዘጋ ብዬ ጻፍኩ። አንዲት መስመር ናት፣ ለመጻፍ ግን ቀኑን ሙሉ ፈጀብኝ።

እኔም አንድ ነገር ዋሽቼሻለሁ። ቅርንፉዱን ለምን ተውሽው ብዬ ስጠይቅሽ መልሱን አውቀው ነበር። ሐዘን የገባበት ቤት ሽታ ያለው ከርከር እንደማያበስል ገዳሪፍ ላደገ ልጅ ማን ይነግረዋል? ክዳኑን የከፈትኩ ዕለት ነው ያወቅኩት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነብኝ። እየጠየቅኩሽ እስካለሁ ድረስ በሕይወት ያለች መስሎኝ ነው ፎቶ ፎቶ ስል የከረምኩት።

ሚዶዋን ከሳጥን አውጪው። አሁን ደርቆ ይሆናል። ከሚዶው ያነሣሽው ፀጉሬ ካለ ከቤታችን ግድግዳ ስንጥቅ ሸጉጭልኝ። ለመንፈቋ ከርከር ስታበስዪ ደግሞ ቅርንፉዱን ሳትሰስቺ ጨምሪበት፣ ሪክሻዎቹ ይቁሙ። በስልክሽ ነገ ማታ እደውላለሁ፣ ድምፅሽን አትደብቂኝ።

ሴቶቹ ከሄዱ በኋላ አልጋዬን ሳነጥፍ ክሩን አገኘሁት። አልተቆረጠም። ከትራሴ ሥር እንደ ቀለበት ተጠምጥሞ ተቀምጧል። በጣቶቼ ሁሉ ሞከርኩት፣ በአውራ ጣቴም ጭምር። ለሁሉም ሰፋኝ።

ልጅሽ ትሁት